ማኅተም ያረፈበት ፎቶ

በአንዲት የወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ የከተማው ድረ ገጽ በሚሠራበት ጠባብ ክፍል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ዓይነ ስውሩ ጡረተኛ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ተካልኝ በትሩን ይዞ ቆሟል፤ የገጹ ሠራተኛ ስመኝ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች።

ተካልኝ፦ አልቀመጥም። ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጪው።

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ቢቆሙም ቢቀመጡም ቀኑ አይለወጥም። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ ጠዋት የመንገዱ መቆፈሪያ ማሽን መቃብሩ ውስጥ ይገባል።

ተካልኝ፦ ይህን ለእኔ ማን ነገረኝ?

ስመኝ፦ ማስታወቂያው ነዋ።

ተካልኝ፦ የነገረችኝ ወፍጮ ቤት ያለችው ስንዱ ናት። ዛሬ ጠዋት፣ ዱቄቷን እያራገፈች። «የአሮጌው አቦ መቃብር ለመንገድ ሊነሳ ነው፤ ያልተመዘገበ አፅም ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይገባል» አለችኝ። ማስታወቂያሽ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ስመኝ፦ አሥር ቀን ገጹ ላይ ነበር። በሩ ላይም ለጥፈናል።

ተካልኝ፦ የበሩን ዝናብ አነበበው።

ስመኝ፦ እሱስ እውነት ነው።

ተካልኝ፦ ድሮ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ይዞር ነበር።

ስመኝ፦ መኪናው ቆሟል። ኃላፊው አቶ ፋንታሁን «ድረ ገጽ እያለን ምን ያስጮኸናል» አሉ። ጋሼ፣ አሁን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ለእሳቸው ቢነግሯቸው አይሻልም? እኔ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። የሰጡኝን እለጥፋለሁ።

ተካልኝ፦ የለጠፍሽውን ላሰማሽ ነው የመጣሁት። ያዢ ይህን ስልክ። ስሚው።

ስመኝ፦ ምንድን ነው ድምፁ? ቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል ድንጋይ ይመስላል።

ተካልኝ፦ ስልኩ ላይ የተጻፈውን ለዓይነ ስውር የሚያነብ ነው። ድምፁን ለምጄዋለሁ። ዝም ብለሽ ስሚ።

ስመኝ፦ «ራዕይ…» ይላል። «ተልዕኮ…» «እሴቶቻችን… ግልጽነት… ተጠያቂነት…» ይለፉት እንጂ ጋሼ፣ ይህ ረጅም ነው!

ተካልኝ፦ በየጠዋቱ እሰማዋለሁ። ግልጽነታችሁን በቃሌ ይዣለሁ።

ስመኝ፦ ወደ ታች አይዘልም?

ተካልኝ፦ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ይዘላል። በጣቴ አንዴ ስነካው ከርዕስ ወደ ርዕስ ይሄዳል። የአንቺ ገጽ ርዕስ የለውም።

ስመኝ፦ እንዴት የለውም? ይኸው እኮ! ትልቅ፣ ወፍራም፣ ቀይ!

ተካልኝ፦ ቀይ አለችኝ።

ስመኝ፦ ይቅርታ ጋሼ።

ተካልኝ፦ ወፍራሙ ለዓይን ነው። ማሽኑ «ይህ ርዕስ ነው» ተብሎ ካልተነገረው አያውቅም። ኮት የለበሰ ሁሉ ኃላፊ ነው?

ስመኝ፦ እዚህ መሥሪያ ቤት? አዎ።

ተካልኝ፦ ስሚ አሁን። ደረሰ።

ስመኝ፦ «ምስል። ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። ምስል። ሁለት ሺህ አርባ ስምንት። ስልክ ቁጥር…» ይኼው ነው?

ተካልኝ፦ ይኼው ነው። አሥር ቀን እንዲህ አለኝ። ኃላፊው ችግኝ ሲተክሉ የተነሱት ፎቶ መስሎኝ አለፍኩት።

ስመኝ፦ የእሱ ፎቶ ቁጥር ሁለት ሺህ አርባ ስድስት ነው።

ተካልኝ፦ ለምን ፎቶ አደረግሽው? ደብዳቤ አይደለም?

ስመኝ፦ ማኅተሙ እንዲታይ። አምና የውሃ ፈረቃ በጽሑፍ ብቻ አወጣሁ። «ማኅተም የለውም፣ ወሬ ነው» ብሎ ሰው ሁሉ ውሃ ሳይቀዳ ቀረ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነገር ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ በስልኬ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚወጣው።

ተካልኝ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

ስመኝ፦ እንደዚያ ነው።

ተካልኝ፦ ማኅተሙ ታየ፤ ነገሩ ጠፋ።

ስመኝ፦ ለእርስዎ ጠፋ። አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ለሌላው ሰው ይታያል።

ተካልኝ፦ የሚነሳው መቃብር ስንት ነው?

ስመኝ፦ ስልሳ ሦስት።

ተካልኝ፦ የተመዘገበውስ?

ስመኝ፦ ዘጠኝ።

ተካልኝ፦ የሃምሳ አራቱ ቤተሰብ ሁሉ እንደ እኔ ዓይነ ስውር ነው?

ስመኝ፦ በትርዎን ወለሉ ላይ አያንኳኩብኝ። ልቤ አብሮ ይቆጥራል። ቆይ… ቆይ ልየው። ገጹን የከፈተው አራት መቶ አሥር ሰው ነው። ፎቶው ሙሉ በሙሉ የወረደለት… ሃያ ስድስት።

ተካልኝ፦ ክብደቱ ስንት ነው?

ስመኝ፦ ዘጠኝ ሜጋ። ስልኬ አዲስ ነው፤ ጥራት አለው።

ተካልኝ፦ የቆላ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ፣ በአሮጌ ስልክ ዘጠኝ ሜጋ ሊያወርድ። አህያ ላይ ባቡር ጫንሽ።

ስመኝ፦ ቢወርድለትም ፊደሉ ጤፍ ያህላል። አውቃለሁ ጋሼ። ተምሬዋለሁ። አንዱን ፎቶ በሦስት ልክ ሠርተን እናስቀምጣለን፤ ትንሹ ስልክ ትንሹን ያወርዳል፣ ትልቁ ትልቁን። ገጹ ራሱ ይመርጣል፤ ስፋቱም እንደ ስልኩ ይሆናል።

ተካልኝ፦ ታውቂዋለሽ?

ስመኝ፦ አውቀዋለሁ።

ተካልኝ፦ ታዲያ?

ስመኝ፦ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ተካልኝ፦ እኔ ጠየቅሁሽ። ጻፊው።

ስመኝ፦ አሁን? አቶ ፋንታሁን ሳያዩት? ጋሼ፣ ኮንትራቴ የሚታደሰው በሰኔ ነው። ከሰኔ በፊት ትንሽ ነገር ብነካ…

ተካልኝ፦ ፎቶውን አታንሺ። ማኅተሙ ይቀመጥላቸው። ከሥሩ ደብዳቤውን በፊደል ጻፊ። ርዕሱን ርዕስ በይው። ከፎቶው ጀርባ ደግሞ ስልኬ የሚያነበው መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አንቺ ባዶውን ትተሽዋል።

ስመኝ፦ ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎት?

ተካልኝ፦ ዝምታው። አንድ ገጽ ሲናገረኝ፣ አንዱ ዝም ሲለኝ፣ ለምን እያልኩ ስጠይቅ።

ስመኝ፦ እሺ… መግለጫውን ጻፍኩ። «ማስታወቂያ»።

ተካልኝ፦ አንድ ሰው በርሽን አንኳኩቶ «ማስታወቂያ!» ብሎ ዝም ቢል ምን ትይዋለሽ?

ስመኝ፦ የምን?

ተካልኝ፦ እሱን ጻፊ።

ስመኝ፦ «የአሮጌው አቦ መቃብር ስለመነሳቱ የወጣ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ። ሙሉ ጽሑፉ ከሥር ይገኛል።»

ተካልኝ፦ ሰው ሆንሽ። ሁለተኛው ፎቶስ?

ስመኝ፦ ካርታ ነው።

ተካልኝ፦ ካርታው ምን ይላል?

ስመኝ፦ መቃብሮቹን በቁጥር ያሳያል። ልክ! የእርስዎን ቁጥር እንፈልግ፤ ያለ ቁጥር አይመዘግቡም። የሟቹ ስም ማን ነው?

ተካልኝ፦ ስም አልተጻፈበትም። ድንጋይ አላቆምኩም።

ስመኝ፦ ማን ነው የሞተብዎት?

ተካልኝ፦ ሰው አለኝ።

ስመኝ፦ እሺ። ያለ ስም በምን ያገኙታል?

ተካልኝ፦ ከምሥራቁ በር ሃያ ሁለት እርምጃ። ከዚያ ወደ ግራ። አንድ ወይራ አለ። ከወይራው ሦስተኛው።

ስመኝ፦ በሩ ካርታው ላይ የለም። ካርታው ከመሠራቱ በፊት አፍርሰውታል።

ተካልኝ፦ አፈረሱት?

ስመኝ፦ አጥሩንም።

ተካልኝ፦ እንግዲህ ብሄድም አላገኘውም።

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ግድግዳውን ይደገፉ። እኔ ልይልዎት። እ… ሣጥን ሣጥን ነው፤ ብዙ ቁጥር አለ።

ተካልኝ፦ እንደሱ አይደለም። ከላይ ጀምሪ። እጄን ይዘሽ እንደምታስገቢኝ አድርጊ።

ስመኝ፦ ከላይ… መንገዱ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያልፋል። ከመንገዱ በታች አምስት ረድፍ መቃብር አለ። መንገዱ ሲሰፋ ሦስቱን ረድፍ ይወስዳል። በሁለተኛው ረድፍ፣ በምሥራቅ ጫፍ፣ የዛፍ ምልክት አለ።

ተካልኝ፦ አንድ ዛፍ ብቻ?

ስመኝ፦ በዚያ በኩል አንድ ብቻ። ከዛፉ ወደ ምዕራብ አንድ… ሁለት… ሦስት። ሠላሳ አንድ ቁጥር። «ያልታወቀ» ይላል። ትንሽ ናት ጋሼ። ሣጥኗ ከሌሎቹ በግማሽ ታንሳለች።

ተካልኝ፦ እሷ ናት።

ስመኝ፦ ለምን ትንሽ ሆነች?

ተካልኝ፦ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ስመኝ፦ …ልጅዎት?

ተካልኝ፦ ትርንጎ። ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ወደ ሥራ የምትወስደኝ እሷ ነበረች። «አባዬ፣ ሥዕል አለ» ብላ አታልፍም። «አባዬ፣ ግድግዳው ላይ ሴትዮ አለች፤ ውሻ አይታ እየሮጠች ነው፤ ጃንጥላዋ ወድቋል፤ አንድ ጫማዋም ወልቋል» ትለኛለች። ሳሙና ይሽጡበት ጫማ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ ትሮጣለች።

ስመኝ፦ ምን ሆና ነው?

ተካልኝ፦ ኩፍኝ። ጻፊ አንቺ። ሰዓቱ ይሄዳል።

ስመኝ፦ አሁኑኑ ልመዝግብዎት። ቅጹ እዚሁ አለ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የአቦ አስተዳዳሪ ፊርማ፣ ስትቀበር የነበሩ ሦስት ምስክሮች።

ተካልኝ፦ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት?

ስመኝ፦ አዎ።

ተካልኝ፦ ከምስክሮቼ አንዱ ቆላ ነው። ሁለቱ እዚያው መቃብሩ ውስጥ ናቸው።

ስመኝ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? እኔ ምን ላድርግ? ይኸው እየጻፍኩ ነው። ግን ጽሑፍ ቀን አይገፋም። አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ተካልኝ፦ የቀረውን ደብዳቤ አንብቢልኝ። እየጻፍሽ።

ስመኝ፦ «ተራ ቁጥር አንድ፤ የከተማውን ዋና መንገድ ለማስፋት የአሮጌው አቦ መቃብር በከፊል ይነሳል። ተራ ቁጥር ሁለት፤ ቤተሰብ ነኝ የሚል ማንኛውም ሰው ማስረጃ ይዞ ቀርቦ ይመዝገብ። ተራ ቁጥር ሦስት፤ ባለቤት ያልቀረበለት አፅም በጋራ ጉድጓድ እንዲያርፍ ይደረጋል።» ተራ ቁጥር አራት…

ተካልኝ፦ አራት?

ስመኝ፦ አይነበብም። ማኅተሙ ላዩ ላይ አርፏል። ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው የሚታየው… «ከወጣ…» የሚል ነገር አለ።

ተካልኝ፦ አሥር ቀን ለጥፈሽ አላነበብሽውም?

ስመኝ፦ ፎቶ አነሳሁት። ጥርት ማለቱን አየሁ። አላነበብኩትም።

ተካልኝ፦ ኃላፊውስ?

ስመኝ፦ እሳቸው ይፈርማሉ እንጂ አያነቡም። የጻፈላቸው ምሕንድስና ክፍል ነው።

ተካልኝ፦ ሃያ ስምንት ዓመት ማዞሪያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰርኩላር በስልክ ሲነበብ እሰማ ነበር።

ስመኝ፦ መስማት ይፈቀድ ነበር እንዴ?

ተካልኝ፦ ጆሮ ክዳን የለውም። ከሰማሁት አንድ ነገር ልንገርሽ። የላይኞቹ ቁጥሮች ያስፈራራሉ፤ መውጫው ከታች ነው። ማኅተም በሚያርፍበት። የኃላፊው ጸሐፊ ማኅተም ያላረፈበት ቅጂ አላት። ሂጂ አምጪ።

ስመኝ፦ ቢጠይቁኝስ?

ተካልኝ፦ ልጽፈው ነው በይ። አልዋሸሽም።

ስመኝ፦ በሩን ክፍት ልተወው፤ ደርሼ ልመለስ። … ጋሼ? ጋሼ፣ መጣሁ። ኮምፒውተሯ ላይ ነበር፤ በፍላሽ ሰጠችኝ። አቶ ፋንታሁን ገና አልወጡም። ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል።

ተካልኝ፦ እያለከለክሽ ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስመኝ፦ «ተራ ቁጥር አራት፤ ምዝገባው የሚቆየው ይህ ማስታወቂያ ሕዝብ ሊያነበው በሚችል መንገድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ቀን ነው። አሥሩ ቀን ሳይሞላ ቁፋሮ አይጀመርም።»

ተካልኝ፦ ድገሚው።

ስመኝ፦ «ሕዝብ ሊያነበው በሚችል መንገድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ።» ቀኑ አልተጻፈም! የትም ቦታ ዛሬ አይልም!

ተካልኝ፦ ዛሬ ያለው ማን ነው?

ስመኝ፦ አቶ ፋንታሁን። ምሕንድስና ክፍል «አሥር ቀን» ብሏቸው፣ ፎቶውን ከለጠፍኩበት ቀን ቆጥረው። እኔም ተቀብዬ ስነግር ሰነበትኩ። ለእርስዎም ነገርኩ። በሩ ላይ ለመጡት ለሁለት ሴትዮዎችም… «ነገ ይዘጋል፤ አይደርስላችሁም» ብያቸዋለሁ ጋሼ። ትናንት። አንዷ አልቅሳ ሄደች።

ተካልኝ፦ ጽሑፉን ጨርሺ።

ስመኝ፦ እየጨረስኩ ነው። ርዕሱን ርዕስ ብዬዋለሁ። አራቱን ቁጥሮች በዝርዝር አደረግሁ። የስልሳ ሦስቱን መቃብር ቁጥር በሰንጠረዥ፤ ረድፉ ረድፍ፣ ዓምዱ ዓምድ መሆኑን ነግሬዋለሁ። ፎቶዎቹን በሦስት ልክ ቆርጬአለሁ፤ ትንሹ መቶ ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። አሁን ስልክዎን ይንኩት።

ተካልኝ፦ …«ርዕስ፤ የአሮጌው አቦ መቃብር ስለመነሳቱ።»

ስመኝ፦ ዘለለ?

ተካልኝ፦ ራዕያችሁን ሳልሰማ ደረስኩ። ዕድሜ ጨመርሽልኝ።

ስመኝ፦ ካርታውንም ይስሙት።

ተካልኝ፦ «ምስል፤ የመቃብሩ ካርታ። ከላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገድ። ከሥሩ አምስት ረድፍ መቃብር፤ ሦስቱ የሚነሱ። በሁለተኛው ረድፍ በምሥራቅ ጫፍ አንድ ዛፍ። ከዛፉ ሦስተኛዋ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ከሁሉም የምታንስ መቃብር።»

ስመኝ፦ ስሟን መጻፍ አልችልም። ሳይመሰከር አይፈቀድልኝም። ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ተካልኝ፦ ይበቃል። ያየሽው ይበቃል።

ስመኝ፦ ያለቅሳሉ እንዴ?

ተካልኝ፦ አላለቅስም። ቀጥሎ «የወጣበት ቀን» አለና ዝም አለ። ምን ሆነ?

ስመኝ፦ ባዶ ነው። እያሰብኩ ነው።

ተካልኝ፦ አስቢ።

ስመኝ፦ የፎቶውን ቀን ከጻፍኩ ዛሬ ያልቃል፤ ነገ ይቆፍራሉ። የዛሬን ከጻፍኩ አሥር ቀን ይጨመራል፤ እኔ ግን አሥር ቀን ሙሉ ሥራዬን አልሠራሁም ብዬ በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች ይሉኛል። የትኛውን ልጻፍ?

ተካልኝ፦ እኔ አልነግርሽም።

ስመኝ፦ እንዴት አይነግሩኝም? ለዚህ አይደለም የመጡት?

ተካልኝ፦ ለዚህ ነው የመጣሁት። ነገር ግን እኔ ነግሬሽ ከጻፍሽ፣ ነገ ሲጠይቁሽ «አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አለኝ» ትያለሽ። እነሱም ይሰርዙታል።

ስመኝ፦ ይቆጡኝ፣ ይለምኑኝ፣ አንድ ነገር ይበሉኝ!

ተካልኝ፦ ልመና ጠዋት ጨርሼ ነው የመጣሁት። አቦ ደጅ።

ስመኝ፦ እናቴ ከእኔ ጋር ነች። ቤት ውስጥ ያለው ደሞዝ የእኔ ብቻ ነው። ይህን ያውቃሉ?

ተካልኝ፦ አሁን አወቅሁ።

ስመኝ፦ እና ምንም አይሉም?

ተካልኝ፦ ደሞዝሽን ተይው አልልሽም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይባልም። ሰዓቱ ስንት ነው?

ስመኝ፦ ለአሥር ሩብ ጉዳይ። …ጋሼ፣ ስልኬ ነው። እሳቸው ናቸው። ከስብሰባው ወጥተዋል ማለት ነው። ገጹን ሳያዩት አይቀሩም።

ተካልኝ፦ ልውጣልሽ?

ስመኝ፦ እዚሁ ይሁኑ። አይውጡ። ቆይ፣ ቀኑን ልሙላ… ሞላሁት። ላንሳው?

ተካልኝ፦ ይጮኻል እኮ።

ስመኝ፦ አቤት ጌታዬ። …አዎ፣ እኔ ነኝ የነካሁት። …ማኅተሙ አልተነሳም፣ እዚያው አለ። …የለም፣ ቀኑን አልተሳሳትኩም። ከማኅተሙ ሥር ያለውን ተራ ቁጥር አራትን ያንብቡት፤ አሁን ይነበባል። …አይ ጌታዬ፣ ለማሽኑ ሰዎች ነገ እንዳይመጡ ይንገሩልኝ። እስከ ትናንት የለጠፍኩት ፎቶ ነው። ማስታወቂያው የወጣው ዛሬ ነው።